ብቻችሁን በሸራ ጀልባ ስትወጡ የትኛው የፊት ሸራ ይቀላችኋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከ25 እስከ 32 ጫማ የሚሆን ያገለገለ የሸራ ጀልባ ላላቸው፣ ብቻቸውንም መውጣት ለሚፈልጉ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ናቸው። ከዲሲና ከሲልቨር ስፕሪንግ አናፖሊስ ድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ የእኛም ሰው በብዛት ያለው እዚያው አካባቢ ነው። መሠረታዊውን የሸራ ትምህርት ወስዳችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ስለ ፊት ሸራ ብቻ ይህን ያህል ማውራት ምን አስፈለገ? ዋናው ሸራስ?

ዋናው ሸራ ከምሰሶው ጋር ተያይዞ ይኖራል። ታክ ስታደርጉ፣ ማለትም የጀልባውን አፍንጫ በንፋሱ በኩል አሻግራችሁ አቅጣጫ ስትቀይሩ፣ ራሱ ይዞራል፤ አትነኩትም። የፊቱ ሸራ ግን በየታኩ ሁለት እጅ ይፈልጋል። በአንዱ ጎን ያለው መወጠሪያ ገመድ ይለቀቃል፣ በሌላው ጎን ያለው ይሳባል። መሪውን የሚይዝ ሦስተኛ እጅ ደግሞ የለም።

ሌላው ነገር ቦታው ነው። የፊቱ ሸራ ያለው ጀልባው አፍንጫ ላይ ነው። ጀልባው ላይ ከዚያ የባሰ የሚናወጥ፣ ከዚያ የባሰ የሚረጥብ ቦታ የለም። ብቻውን የወጣ ሰው ከዚያ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ጀልባውን አዙሮ የሚመለስለት የለም። ስለዚህ የእኔ መለኪያ አንድ ነው፦ ከኮክፒት፣ መሪው ካለበት መቀመጫ፣ ሳልነሳ ይህን ሸራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ላጠፋው እችላለሁ ወይ? ፍጥነት ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

የገዛሁት ጀልባ 150 ፐርሰንት ጄኖዋ ይዞ መጣ። ልጠቀምበት ወይስ ልተወው?

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። ምሰሶውን ከፊት ከሚይዘው ሽቦ (የፊቱ ሽቦ) ሥር እስከ ምሰሶው ያለውን ርቀት 100 በሉት። ሸራው ከሽቦው እስከ ኋላ ማዕዘኑ ሲለካ ያንን ካከለ 100 ፐርሰንት ነው፤ ጂብ ይባላል። ምሰሶውን አልፎ የርቀቱን ግማሽ ያህል ወደ ኋላ ከተዘረጋ 150 ይሆናል፤ ያ ትልቅ ጄኖዋ ነው።

በ1970ዎቹ የተሠሩ ጀልባዎች፣ ለምሳሌ ካታሊና 27 ወይም ፒርሰን 30፣ ጄኖዋቸው የገዘፈው ዝም ብሎ አይደለም። አይኦአር የሚባለው የጊዜው የውድድር ደንብ በትልቅ ጄኖዋ ላይ ብዙም አይጨክንም ነበር። ንድፍ አውጪዎቹ ዋናውን ሸራ አሳንሰው የፊቱን አገዘፉ። ፋሽኑ ለውድድር ባልተሠሩት ጀልባዎችም ላይ አረፈ። ለተወዳዳሪዎቹ አልከበዳቸውም፤ ገመዱን የሚስቡ አራት አምስት ጎረምሶች ነበሯቸው። እናንተ ግን ጎረምሶቹ የሏችሁም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለብቸኛ ሰው ከ110 እስከ 120 ይበቃል። ታክ ሲደረግ ምሰሶውን በሚደግፉት ሽቦዎች ላይ እየተጎተተ አያስቸግርም። የሚሳበው ገመድም ያጥራል፤ ዊንች (ገመድ መሳቢያው ማሽን) ላይ የምትቆዩበት ጊዜም እንደዚያው። ብዙ ሰው ገንዘቡን በሸራ መጠቅለያ፣ በኤሌክትሪክ ዊንች፣ በምናምን ያወጣና ሸራውን ግን ያንኑ ግዙፍ ጨርቅ ያደርገዋል። ማሳነሱ ይቀድማል።

የቼሳፒክ ጠባይ ግን ይህን ምክር ትንሽ ያለዝበዋል። ጁላይና ኦገስት ላይ ንፋሱ ብዙ ቀን 10 ኖት (የባሕር ፍጥነት መለኪያ) እንኳ አይሞላም። ውሃው ደግሞ ጥልቀት የለውም፤ በአማካይ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ያወጣል። ሸራው አቅም ካነሰው ጀልባው በየሞገዱ እየተደናቀፈ ይቆማል። የምትወጡት በሰመር ምሽት ብቻ ከሆነ 130 ወይም 135፣ መጠቅለያ ካለው፣ ያስኬዳል። 150ውንም አትጣሉት። ጓደኛ ይዛችሁ በምትወጡበት ጸጥ ያለ ቀን ይወጣል።

ትልቅ ጄኖዋ ከጉልበት ሌላ ምን ችግር አለው?

ዓይን ይጋርዳል። ይህን ሻጩም አይነግራችሁም። የታችኛው ጠርዙ የጀልባውን ወለል የሚጠርግ ሸራ ከንፋሱ በታች ያለውን ጎን እንዳለ ይሸፍነዋል። አራት ሰው ካለ አንዱ ጎንበስ ብሎ ያያል። ብቻችሁን ከሆናችሁ መሪውን ትታችሁ ነው የምታዩት።

አናፖሊስ ፊት ለፊት ደግሞ ወደ ባልቲሞር የሚገቡ ግዙፍ መርከቦች ያልፋሉ፤ ቤይ ብሪጅ በሚባለው ድልድይ ሥር ያለው መስመር የእነሱ ነው። ለእናንተ ብለው አይቆሙም፣ ቢፈልጉም አይችሉም። ወቅቱ ሲደርስ ደግሞ የሸርጣን ወጥመድ ተንሳፋፊዎች ውሃውን ይሞሉታል። ከአንዱ ገመድ ጋር ፕሮፔለሩ ከተጠላለፈ ቀኑ እዚያው አበቃ።

መፍትሔው ቀላል ነው። አዲስ ሸራ ስታሠሩ የኋላ ማዕዘኑ ከፍ ተደርጎ እንዲቆረጥ ሸራ ሠሪውን ንገሩት። ትንሽ ስፋት ታጣላችሁ፤ በምትኩ ከሥሩ አሻግራችሁ ታያላችሁ። ለብቸኛ ሰው በጣም ጥሩ ልውውጥ ነው።

የሚጠቀለል ሸራ ይሻላል ወይስ በመንጠቆ የሚሰቀለው?

አብዛኛው ሰው የሚጠቀለለውን ይመርጣል፣ ልክም ነው። ሸራው ሁልጊዜ ቦታው ላይ ነው። ገመድ ስትለቁ ይወጣል፤ ስትስቡ ይጠቀለላል። ሃርከን፣ ፕሮፈርል፣ ሼፈር፣ ፈርሌክስ የሚባሉትን መጠቅለያዎች በየማሪናው ታያላችሁ። ለ30 ጫማ ጀልባ መጠቅለያውም ሸራውም አዲስ ከተገዙ ወጪው በሺዎች ዶላር ነው።

በመንጠቆ የሚሰቀለውን ግን አትናቁት። የናስ መንጠቆዎቹ የፊቱን ሽቦ ይዘው ሸራውን ያወጡታል። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ የሚበላሽ ነገር የለውም። ለየንፋሱ ልኩ የሆነ ሸራ መስቀል ትችላላችሁ። ጉድለቱ የታወቀ ነው፤ ለማውረድም ለመቀየርም ወደ ፊት መሄድ ይጠይቃል።

ግማሹን ጉድለት የሚያቃልል ርካሽ ዘዴ አለ፤ ማውረጃ ገመድ። 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀጭን ገመድ ከሸራው ጫፍ ይታሰራል። በሁለት ሦስት መንጠቆዎች ውስጥ አልፎ ይወርድና ሽቦው ሥር ባለ ትንሽ መዘውር ዞሮ ወደ ኮክፒት ይመጣል። የሸራው ማውጫ ገመድም ከምሰሶው ሥር ወደ ኮክፒት መምጣት አለበት። ከዚያ አንዱን ትለቃላችሁ፣ ሌላውን ትስባላችሁ፤ ሸራው ወለሉ ላይ ተሰብስቦ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ መወጠሪያ ገመዱን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ አለዚያ ሸራው ውሃ ውስጥ ይገባል። ለትንሽ ጀልባ፣ በተለይ ከ27 ጫማ በታች ከሆነና ኪስ ከሳሳ፣ እኔ ይህንን ነው የምመክረው።

ጄኖዋውን በግማሽ ጠቅልዬ ብሄድ አይበቃም? ለምን ሌላ ሸራ?

እስከተወሰነ ድረስ ይበቃል። 135ቱን ጠቅልላችሁ ወደ 110 ማምጣት ምንም አይልም። ከዚያ በላይ ሲጠቀለል ግን መሐሉ እየተነፋ ሆድ ያወጣል። ጠንከር ባለ ንፋስ የሚፈለገው ጠፍጣፋ ሸራ ነው፤ እናንተ የያዛችሁት የዚያ ተቃራኒ ይሆናል። ጀልባው ያጋድላል እንጂ ወደ ንፋሱ አይወጣም። በሸራው የፊት ጠርዝ ውስጥ ፎም ከተሰፋበት ይህ ሆድ በመጠኑ ይቀንሳል። ሸራ ስታሠሩ ፎሙን አስጨምሩ፤ ያዋጣል።

ጠቅልላችሁ ስታሳንሱ መወጠሪያ ገመዱ የሚያልፍበትን ተንሸራታች ወደ ፊት ማምጣትም አለባችሁ። ያ ካልሆነ የሸራው የላይኛው ክፍል ተከፍቶ ይርገበገባል። ተንሸራታቹ ከኮክፒት በገመድ የሚሳብ ቢሆን ደግ ነው።

መጠቅለያው ሲይዝብኝ ምን ላድርግ?

ዊንች ላይ አታድርጉት። ይህን ደግሜ ብለው ደስ ይለኛል፤ የመጠቅለያ ገመድ በእጅ ካልመጣ አንድ ነገር ይዞታል ማለት ነው፣ በዊንች ስታስገድዱት ያ ነገር ይሰበራል።

ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው። አንደኛው ላይ፣ ምሰሶው ጫፍ ጋ ነው። ማውጫ ገመዱ ከሽቦው ጋር ትይዩ ሆኖ ከወረደ፣ ሸራው ሲሽከረከር ገመዱም አብሮ ይጠመጠምበታል። ገመዱ ከሽቦው ትንሽ ራቅ ብሎ ወደ ምሰሶው እንዲገባ መደረግ አለበት፤ ለዚህ የሚሆን ትንሽ ማስተካከያ ምሰሶው ላይ ይገጠማል። እንዲህ ተጠምጥሞ ሳለ በዊንች የሚታገል ሰው የፊቱን ሽቦ ራሱን ሊጎዳ ይችላል፤ የፊቱ ሽቦ ከሄደ ምሰሶው ተከትሎ ይሄዳል።

ሁለተኛው ታች፣ ገመዱ የሚጠመጠምበት ከበሮ ውስጥ ነው። ሸራውን ስትከፍቱ የመጠቅለያ ገመዱን ዝም ብላችሁ ከለቀቃችሁት ከበሮው ላይ ልል ሆኖ ይጠመጠማል። በኋላ አንዱ ዙር በሌላው ሥር ይሰምጥና ይነክሳል። ስትከፍቱ ገመዱን በእጃችሁ ትንሽ እያስጨነቃችሁ ልቀቁት። በቃ፣ ችግሩ ሁለተኛ አይመጣም።

ስትጠቀልሉ ደግሞ እንዲህ ነው። ጀልባውን ንፋሱ ከኋላ እንዲመጣ አድርጋችሁ አዙሩት። የፊቱ ሸራ በዋናው ሸራ ጥላ ሥር ይገባና ጉልበቱን ያጣል። መወጠሪያ ገመዱን ልቀቁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ትንሽ ጭንቅ ካላለ ጥቅልሉ ይላላል። ከዚያ በእጅ ሳቡ። ሸራው አልቆ መወጠሪያ ገመዶቹ ራሳቸው ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪዞሩበት ድረስ ቀጥሉ። በዚያን ጊዜም ከበሮው ላይ ጥቂት ዙር ገመድ መቅረት አለበት። ካልቀረ ገመዱ አጭር ነው፤ ወይ ከበሮው ላይ ዙር መጨመር አለበት።

ራሱን የሚያዞር ጂብስ?

ታክ ማድረግ ለሚያስመርረው ሰው እንደ ስጦታ ነው። ምሰሶው ፊት ለፊት ከጎን ወደ ጎን የተዘረጋ ሐዲድ አለ፤ የጂቡ ገመድ እዚያ ላይ ራሱ ይንሸራተታል። እናንተ መሪውን ብቻ ታዞራላችሁ። የጀርመኖቹ ሃንሰ ጀልባዎች በዚህ ይታወቃሉ። አናፖሊስ አጠገብ እንዳለው ሴቨርን ባለ ጠባብ ወንዝ ውስጥ ከዳር ዳር እየተመላለሱ ለመውጣት ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። ሸራው ከምሰሶው ማለፍ ስለማይችል 100 ፐርሰንት እንኳ አይሞላም። በደካማ ንፋስ ጀልባው ያንቀላፋል። ንፋሱ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ሲዞር ደግሞ የሸራው አናት ይከፈትና ንፋሱን ያፈሳል። ለዚህ ጋሪ ሆይት የሚባለው አሜሪካዊ ጀልባ ሠሪ የሸራውን የታች ጠርዝ የሚይዝ የራሱ ቡም (አግዳሚ ዘንግ) ያለው ጂብ አወጣ፤ አሌሪዮን ኤክስፕረስ 28 ላይ ታዩታላችሁ። ሸራው በየአቅጣጫው ቅርጹን ይይዛል። ከፊት ለፊታችሁ የሚወዛወዝ ሌላ ዘንግ መኖሩን ግን አትርሱ።

በአሮጌ ጀልባ ላይ ሐዲዱን አዲስ ማስገጠም ወለሉን መብሳትና ከሥር ማጠንከርን ይጠይቃል። ለእሱ የምታወጡትን ብር በደንብ በተቆረጠ 110 ሸራ ላይ ብታውሉት ይሻላል ባይ ነኝ።

ከፊቱ ሽቦ ኋላ ሁለተኛ ሽቦና ትንሽ ሸራ ልጨምር?

ባሕረ ሰላጤውን ወጥታችሁ ውቅያኖስ ለመግባት ካሰባችሁ አዎ። ለቀን ጉዞ ከሆነ አያስፈልግም፤ ታክ በተደረገ ቁጥር ጄኖዋው በሁለቱ ሽቦዎች መሐል መሹለክ አለበትና ራስ ምታት ነው። ካስገጠማችሁ የሚነቀል ይሁን።

ብቻዬን ታክ ሳደርግ ሁሌ እዘገያለሁ፣ ሸራው ይሞላና በዊንች እታገላለሁ። ምን ይሻላል?

ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሰው ፈርቶ መሪውን በኃይል ይገፋዋል፤ ጀልባው ክንብል ይልና ሸራው ከመሳቡ በፊት ይሞላል።

ከመዞራችሁ በፊት በአዲሱ ጎን ያለውን ገመድ ዊንቹ ላይ አንድ ዙር አድርጋችሁ ልሉን ሳቡት። የመሪውን እጀታ በጉልበታችሁ ወይም በሁለት እግራችሁ መሐል ያዙ። መሪውን ቀስ አድርጉና ጀልባው ንፋሱን ፊት ለፊት እስኪያይ ጠብቁ። ሸራው መርገብገብ ሲጀምር የድሮውን ገመድ ልቀቁ፣ ወዲያው አዲሱን በእጅ ሳቡ። ያኔ ሸራው ባዶ ነው፤ በክንድ ይመጣል። አብዛኛው ገመድ ገብቶ ካለቀ በኋላ ነው ጀልባውን ወደ አዲሱ አቅጣጫ የምታዞሩት። ዊንቹ የሚቀርለት የመጨረሻዋ ስንዝር ብቻ ናት።

አውቶፓይለት፣ መሪውን ራሱ የሚይዘው መሣሪያ፣ ካላችሁ ብዙዎቹ የታክ ቁልፍ አላቸው። ተጭናችሁ ሁለቱንም እጅ ለገመዱ ስጡ። ከሸራ ምርጫ ይልቅ ሕይወት የሚቀይረው ይሄ ዕቃ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ዋናውን ሸራ ትቼ በጄኖዋ ብቻ ብሄድስ?

ትልቅ ጄኖዋ ባላቸው የ1970ዎቹ ጀልባዎች ላይ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ንፋሱ ከጎን ወይም ከኋላ ከሆነ ጥሩ ነው፤ አንድ ሸራ፣ አንድ ገመድ። ወደ ንፋሱ ለመውጣት ግን ይለግማል። ትልቅ ዋና ሸራና ትንሽ ጂብ ባላቸው ዘመናዊ ጀልባዎች ላይ ተቃራኒውን ሞክሩ፣ በዋናው ብቻ ሂዱ።

የፊት ሸራ ጨርሶ የሌለው ጀልባ የለም?

አለ፣ እኔም እወደዋለሁ። በካናዳ ኦንታሪዮ ሂንተርሄለር የተባለው ፋብሪካ የሠራው ነንሳች 30 አንድ ትልቅ ሸራ ብቻ አለው፤ ስፋቱ 50 ካሬ ሜትር ገደማ። ምሰሶውን የሚደግፍ ሽቦ እንኳ የለም። ታክ ማለት መሪ ማዞር ብቻ ነው። ያንን ሸራ ወደ ላይ ማውጣት ግን ወገብ ይፈልጋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1960 ብቻቸውን አትላንቲክን ያቋረጡ ሰዎች የመጀመሪያው ውድድር ሲካሄድ፣ ሐሳቡን ያመነጨው ብሎንዲ ሃስለር ጄስተር በምትባል 25 ጫማ ጀልባ ነበር የወጣው። የሰቀለው ሸራ የቻይናዎቹ ዓይነት ሲሆን የፊት ሸራ የላትም። ከመሐል ካለች ክብ መውጫ ሳይነሳ ሁሉንም ገመድ ይስብ ነበር። ያሸነፈው ፍራንሲስ ቺቸስተር ነው፣ በ40 ቀን። ሃስለር ግን በ48 ቀን ሁለተኛ ገባ፤ ከእሱ በጣም በምታንስ ጀልባ።

ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ነጎድጓድ ያስፈራኛል። ለዚያ የቱ ሸራ ይሻላል?

ለዚያ የሚሻለው የተጠቀለለ ሸራ ነው። በሰመር ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ጠቆር ያለ ደመና ሲቆለል ካያችሁ አትከራከሩ። 8 ኖት የነበረው ንፋስ በደቂቃዎች ውስጥ 30 ሊያልፍ ይችላል። ንፋስ በእጥፍ ሲጨምር ሸራው ላይ የሚያርፈው ጫና አራት እጥፍ ነው፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ። የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ንፋስ ፊታችሁን ሲነካ ጊዜው አልፏል። ቀድማችሁ ጠቅልሉ፣ ዋናውን አውርዱ፣ ሞተር አስነሡ፣ ሕይወት አድን ጃኬቱን ልበሱ፣ ራሳችሁን ከጀልባው ጋር በማሰሪያው እሰሩ።

ጥቅልሉ ላይ ደግሞ አንድ ማሰሪያ ይጨመር። በማዕበል መሐል የተፈታ ጄኖዋን መልሶ የሚጠቀልል ሰው የለም። ሃሪኬን ይመጣል ከተባለ ማሰሪያም አይበቃም፤ ሸራውን አውርዳችሁ ቤት ውሰዱት። በሴፕቴምበር 2003 ኢዛቤል የአናፖሊስን መሐል በውሃ ስትሞላው ያየ ማሪና ይህን ለማሳሰብ አይሰንፍም።

እኔ ያለሁት ሲያትል ነው። ዘመዴ ደግሞ እስራኤል። ያው ነው?

መለኪያው ያው ነው፣ መጠኑ ይለያል። የሲያትሉ ባሕር፣ ፒዩጀት ሳውንድ፣ በሰመር ንፋሱ ደካማ ነው፣ በክረምት ከደቡብ ጠንክሮ ይመጣል፤ ሁለት ሸራ ቢኖራችሁ አይጠላም። የእስራኤል ባሕር ዳርቻ ደግሞ በሰመር ከቀትር በኋላ ንፋሱ ከባሕር በኩል እንደ ቀጠሮ ይመጣል፤ ሞገዱም ክፍት ባሕር ነው። ለዚያ ከ100 እስከ 110።

ገንዘቤ ትንሽ ነው። ከየት ልጀምር?

ገመዶቹን ወደ ኮክፒት ከማምጣት። ሁለተኛ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያለውም ቢሆን አውቶፓይለት። ሦስተኛ፣ ያገለገለ ግን ጨርቁ ያልሞተ 110 ሸራ፤ ከመግዛታችሁ በፊት የፊት ጠርዙን ርዝመት ከጀልባችሁ ሽቦ ጋር ለኩ፣ በፀሐይ ያረጀ ስፌት በጥፍር ሲፋቅ ይበጠሳልና ፈትሹት። አዲስ መጠቅለያ በመጨረሻ። እሱንም በየኦክቶበሩ አናፖሊስ የሚደረገው የሸራ ጀልባ ትርኢት ላይ ሄዳችሁ ገመዱን በእጃችሁ ስባችሁ ነው የምትመርጡት። ሻጩ ሸራ ያልተሰቀለበትን ነው የሚያሳያችሁ፤ እሱማ በአንድ ጣት ይዞራል።